አምስት ታሪክ፣ አንድ ማቀፊያ፦ በአስፈሪ አንቶሎጂ ፊልማችን ጭራቁ የሚሆነው ማነው?

ኮዬ_ብሎክ (ውይይቱን የከፈተ)

ሰላም ለዳር ከተማ ፊልም ሠሪዎች። ዕቅዱን ላስቀምጥና እናንተ ቀዳዳውን ፈልጉ።

ፊልሙ አንቶሎጂ ነው፣ ማለትም የተለያዩ አጫጭር ታሪኮች በአንድ ፊልም፤ አምስት ዳይሬክተሮች እያንዳንዳቸው የ16 ደቂቃ አስፈሪ ታሪክ ይሠራሉ። የሚያያይዛቸው ማቀፊያ በስድስት ቁራጭ ይከፈላል፤ አንዱ ቁራጭ ሁለት ደቂቃ ነው። ድምሩ 92 ደቂቃ። ለእያንዳንዱ ታሪክ 4 ሌሊት፣ ለማቀፊያው 2 ሌሊት፣ በጠቅላላው 22 ሌሊት ቀረጻ። ቦታው ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ያሉ ኮንዶሚኒየሞች፤ ለሁለቱ ታሪኮች ሰበታና ሱሉልታ።

ታሪኮቹ፦ ቡዳ ናት የተባለች ሸክላ ሠሪ። ዛር የሰፈረባት የቤት ሠራተኛ። የሌሊት ጥበቃ የሆነ መስማት የተሳነው ሰው። እርሻው ላይ ብሎክ የተሠራበት ሽማግሌ ገበሬ። ሌሊት ጅብ የሚሆን ቀጥቃጭ (ይሄኛው አስቂኝ ነው)። ማቀፊያው ደግሞ ከገጠር የመጣ አሮጌ ዘበኛ ለአዲስ ተከራይ የሚያወራው ወሬ።

ከአምስቱ ዳይሬክተሮች ሁለቱ ሴቶች ናቸው፣ አንዱ በኦሮምኛ ይሠራል። ጥያቄዬ፦ ሁሉንም የሰፈሩን ሰው አካትተናል ማለት እንችላለን?

---

አባዶ_ስክሪፕት

ከካሜራው ኋላ ያሉትን ቆጥረሃል፤ ከካሜራው ፊት ያሉትን ግን አልቆጠርክም። ዝርዝርህን እንደገና አንብበው። ሸክላ ሠሪዋ፣ ቀጥቃጩ፣ ሠራተኛዋ፣ መስማት የተሳነው፣ ገበሬው፣ ዘበኛው። አስፈሪ የሆነው ሁሉ ድሃ ነው፣ ወይም በሙያው የተገለለ ነው፣ ወይም አካል ጉዳተኛ ነው። የሚፈራው ደግሞ ሁልጊዜ ቤት ያለው፣ አማርኛ አቀላጥፎ የሚናገር ተከራይ ወይም ባለቤት። አንድ ነጠላ ፊልም እንዲህ ቢሆን አጋጣሚ ነው ይባላል። አንቶሎጂ ላይ ግን አምስት ጊዜ ሲደገም ተመልካቹ እንደ ሕግ ይቀበለዋል። የዚህ ዓይነት ፊልም አደጋው እሱ ነው፤ ጥቅሙም እሱ ነው፣ ድግግሞሹን ራስህ ስለምትመርጠው።

ስክሪፕቱን በሦስት ባለቀለም እርሳስ ፈትሹት። በቀይ፦ አስፈሪውን ነገር መጀመሪያ ያየው የማን ዓይን ነው? በሰማያዊ፦ ነገሩ ምን እንደሆነ የሚያውቀውና የሚያስረዳው ማነው? በአረንጓዴ፦ ስለ ጭራቁ ያልሆነ ወሬ የሚያወራው ማነው? ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ልጅ ትምህርት፣ ስለ ጨጓራው። አንድ ሰው በአምስቱም ታሪክ አረንጓዴ ከሌለው ገፀ ባሕርይ አይደለም፣ ዕቃ ነው። እናንተ ስክሪፕት ላይ ሸክላ ሠሪዋ አንድም አረንጓዴ እንደማይኖራት እገምታለሁ።

---

ደም_ይፍሰስ

እህቴ፣ ከይቅርታ ጋር፣ ይሄ ሆረር ነው ወይስ የግንዛቤ ማስጨበጫ ድራማ? ሰው ሲኒማ ገብቶ ትኬት የሚቆርጠው ሊደነግጥ ነው። ጭራቅ የሌለው ሆረር ሽሮ የሌለው ሽሮ ነው። ቡዳውን ቡዳ አታድርጉ፣ ጅቡን ጅብ አታድርጉ ካላችሁ ምን ሊቀር ነው?

---

አባዶ_ስክሪፕት

ጭራቁ ይኑር። ቦታውን ቀይሩ ነው የምለው። የቡዳውን ታሪክ በምሳሌ ላሳይህ፣ በ16 ደቂቃ።

ሁላችንም የምናውቀው ሥርዓት አለ። ቡዳ በላው የተባለ ሰው ይለፈልፋል፤ ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት እየተደረገለት “ማን ነህ? የት አገኘኸው?” ተብሎ ይጠየቃል፤ በመጨረሻ ስም ይወጣል። እስካሁን ይህ ሲቀረጽ ካሜራው ሁልጊዜ በሽተኛው አልጋ አጠገብ ነው። ካሜራውን ሸክላ ሠሪዋ ክፍል አስገቡት። የኮንዶሚኒየም የብሎኬት ግድግዳ ስስ ነው፣ ሁሉ ይሰማል።

ከ0 እስከ 4ኛው ደቂቃ ምንም “አይሆንም”። ቡና የምትጠራት ጎረቤት ዛሬ አልጠራቻትም። ደረጃው ላይ ስታልፍ እናትየው የልጁን ምሳ ዕቃ በነጠላ ትሸፍናለች። ከ4 እስከ 9 ልጁ ይታመማል። ከ9 እስከ 13 ከግድግዳው ማዶ ጥያቄው ይጀመራል፤ እኛ የምናየው የእሷን ፊት ብቻ ነው፣ ስሟ እስኪጠራ ስትጠብቅ። አራት ደቂቃ ሙሉ አንድ ፊትና አንድ ግድግዳ። ከዚያ ድምጹ ስም ይጠራል፤ የእሷን አይደለም፣ የጠያቂውን። የቀሩት 3 ደቂቃዎች የናንተ ናቸው። መንፈሱ እውነት ሊሆን ይችላል፣ ተመልካቹም ይደነግጣል፤ ግን ነገ ጠዋት ቀጨኔ ያለች ሸክላ ሠሪ ገበያ ስትወጣ ፊልሙን ያየ ጎረምሳ “ቡዳ!” ብሎ የሚጮህባት በእናንተ ምክንያት አይሆንም።

---

ጋሽ_ፕሮጀክተር

ልጆች፣ ክርክሩ አዲስ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ ብረት የሚሠራውን ጠይብ እያሉ መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር። አዋጅ ያላጠፋውን ወሬ ፊልም ቢያባብሰው የሚገርም አይሆንም።

ስለ አንቶሎጂው ከድሮዎቹ የምትማሩት አለ። እ.ኤ.አ. በ1945 የእንግሊዙ ኢሊንግ ስቱዲዮ “ዴድ ኦፍ ናይት”ን በአራት ዳይሬክተሮች ሠራ። ማቀፊያው አንድ አርክቴክት ገጠር ቤት ደርሶ የተሰበሰቡትን ሰዎች በሙሉ በሕልሙ እንዳያቸው የሚናገርበት ነው። ማቀፊያውን ራሱን አስፈሪ ስላደረጉት ፊልሙ አልተበታተነም። እናንተ ግን በማቀፊያው ላይ ሁለት ሌሊት ብቻ መደባችሁ።

ውክልናን በሚመለከት ማየት ያለባችሁ “ቴልስ ፍሮም ዘ ሁድ” ነው፤ 1995፣ ዳይሬክተሩ ረስቲ ከንዲፍ፣ ኤግዘኪዩቲቭ ፕሮዲውሰሩ ስፓይክ ሊ። (ያላየ ሰው ይህን አንቀጽ ይዝለል።) ሦስት ወጣቶች ሬሳ ማዘጋጃ ቤት ገብተው ባለቤቱ አራት ታሪክ ይነግራቸዋል። አንዱ ጥቁር የመብት ተሟጋችን ስለገደሉ ፖሊሶች ነው። አንዱ ልጅ “ጭራቅ” እያለ ስለሚስለው ነገር ነው፤ ጭራቁ የእናቱ ፍቅረኛ ነው። አንዱ የቀድሞ የኩ ክሉክስ ክላን (የነጭ ዘረኞች ቡድን) አባል ስለሆነ ፖለቲከኛ ነው። በመጨረሻ አድማጮቹ ራሳቸው የሞቱ ሆነው ይገኛሉ። ደም_ይፍሰስ፣ ልጄ፣ እዚያ ውስጥ ጭራቅ የለም የሚል ካለ ፊልሙን አላየውም። ጭራቁ ግን ጉልበት ያለው ሰው ነው።

ከአፍሪካ ደግሞ የናይጄሪያዎቹ “ጁጁ ስቶሪስ” አለ፣ 2021፣ ሦስት ታሪክ በሦስት ዳይሬክተር። አንደኛው መንገድ ላይ የወደቀ ገንዘብ ያነሳ ሰው ያም (የሥራ ሥር ምግብ) ይሆናል የሚለውን የሌጎስ ወሬ ነው የሚሠራው። ወሬውን አላፌዙበትም፣ አልተነተኑትምም፤ ሰው እንደሚያወራው አድርገው ሠሩት። የኛም ሰው ገንዘብ ሲያገኝ ዙሪያውን አይቶ ነው የሚያነሳው።

---

ኮዬ_ብሎክ

ጋሼ እናመሰግናለን። የማቀፊያው ነገር ነካኝ። ዘበኛው የተመረጠው ርካሽ ስለሆነ ነው፤ አንድ ተዋናይ፣ አንድ ክፍል፣ አንድ ኩራዝ።

---

ሰበታ_ድምጽ

ርካሽ ከፈለግክ የለቅሶ ድንኳን ውሰድ። ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ብርጭቆውን ከእድር ትከራያለህ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሰው የሚቀመጥበት በቂ ምክንያት አለ፣ ካርታ የሚጫወቱ ወንዶች አሉ። ትልቁ ጥቅሙ ግን በዳር ከተማ ኦርቶዶክሱ፣ ሙስሊሙ፣ ጴንጤው፣ ጉራጌው ባለ ሱቅ፣ ከመንደሩ የቀረው ኦሮሞ ገበሬ፣ ዶርዜው ሸማኔ ያለ ድራማ ጸሐፊ ቅንብር አንድ ላይ የሚቀመጡበት ቦታ ለቅሶ መሆኑ ነው።

---

አባዶ_ስክሪፕት

ድንኳኑን ወድጄዋለሁ፣ ግን አንድ ወጥመድ አለው። ድንኳን ውስጥ የሚያመሹት ወንዶች ናቸው። ሴቶቹ ቤት ውስጥ ከሐዘንተኛዋ ጋር ናቸው፣ ወይም ወጥ እየሠሩ ነው። ማቀፊያው ከድንኳኑ ካልወጣ አምስቱንም ታሪክ የሚተርኩት ወንዶች ይሆናሉ፤ ሁለቱ ሴት ዳይሬክተሮች የሠሩትን ጭምር።

ስድስቱን ቁራጮች እንዲህ ከፋፍሉ፦ ሦስቱ ድንኳን፣ ሦስቱ ጓዳ፣ መሸጋገሪያውም ቡና የምታመላልስ ልጅ ትሁን። ወንዶቹና ሴቶቹ ስለ አንድ ሟች የተለያየ ነገር ያውቃሉ። ሁለቱንም የሰማችው እሷ ብቻ ናት። ጋሼ እንዳሉት ማቀፊያው ራሱ ያስፈራ ከተባለ መነሻው ይሄ ነው።

---

ደም_ይፍሰስ

እሺ፣ ይሄ ጥሩ ነው። ቡና አመላላሿ ሁለቱን ወሬ ስታገጣጥም ሟቹ እንዳልሞተ ትደርስበታለች በሉ። ጅቡን ግን አትንኩብኝ!

---

አባዶ_ስክሪፕት

ጅቡ ይቆይልህ። ቀጥቃጭ መሆኑን ብቻ ተው። የኮንዶሚኒየም ደላላ ይሁን። ቀን ቀን ዕጣ የወጣላቸውን መበለቶች ቤት ያዞራል፣ ሌሊት አጥንት ይቆረጥማል። ሳቁም ይጨምራል።

---

ሰበታ_ድምጽ

አሁን ወደ ሙያዬ። የገበሬው ታሪክ በኦሮምኛ ከሆነ አማርኛ ተጽፎ አይተርጎም። የሚጽፈው በቋንቋው የሚያስብ ሰው ይሁን፣ ያውም የቱለማውን አነጋገር የሚያውቅ። ሰበታና ሱሉልታ የኖረ ሽማግሌ እንደ ሐረር ሰው ከተናገረ አካባቢው በሙሉ ይስቃል፣ ፍርሃቱ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያበቃል። ሌላው የተለመደ ጥፋት፦ ገበሬው አስፈሪ ሲሆን ብቻ ኦሮምኛ ይናገራል፣ ደግ ሲሆን የተሰባበረ አማርኛ። ተመልካቹ ቋንቋውን ከፍርሃት ጋር ያያይዘዋል። ቀልዱንም፣ ቁጣውንም፣ ልመናውንም በራሱ ቋንቋ ይበለው፤ ትርጉሙን በጽሑፍ ከስር ስጡ። ጽሑፉ ከሁለት መስመር አይብለጥ፣ በጨለማ ትዕይንት ላይ ደግሞ ንጹሕ ነጭ ሳይሆን ቀላል ግራጫ አድርጉት፤ ነጩ ዓይን ስቦ የጨለማውን ጥግ ይሰውረዋል።

ሌሊት ድምጽ የሚቀዳበትን ሰዓት አስቡበት። ዳር ከተማ ላይ የሚሠራ ጸጥታ የሚገኘው ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ በፊት የመኪናና የሙዚቃ ድምጽ፣ ከዚያ በኋላ የቤተ ክርስቲያን ድምጽ ማጉያ፣ ለጥቆ አዛን። በጾም ወራት ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑ ይበረታል። ውሻ ሁልጊዜ አለ፣ እሱን እንደ ፊልሙ አካል ቁጠሩት። ክረምት ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ስር ንግግር ለመቅዳት አትሞክሩ፤ ዝናቡ ንግግሩን ይውጠዋል፣ ማጽጃ ፕሮግራምም አያድነውም።

ባዶ ኮንዶሚኒየም ክፍል ያስተጋባል። ከካሜራው ኋላ ባሉት ሁለት ግድግዳዎች ላይ ጋቢ ወይም ወፍራም ብርድ ልብስ ስቀሉ፣ ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቃችሁ። በየክፍሉ 60 ሰከንድ የባዶ ክፍል ድምጽ ቅዱ፣ ሰው ሁሉ በቦታው ቆሞ ሳለ። ነጠላ የለበሰች ተዋናይት ላይ የደረት ማይክ ስታስቀምጡ ከጨርቁ ውጭ ሳይሆን ከውስጥ ልብሱ ላይ በሕክምና ፕላስተር አጣብቁት፤ ነጠላ ሲንፏቀቅ የሚሰጠው ድምጽ ከንግግሩ ይበልጣል። ንግግሩ ከፍ ሲል ከ−12 እስከ −6 ዴሲቤል መሃል ይሁን። ለጩኸት ሁለተኛ ቻናል ላይ 10 ዴሲቤል ዝቅ ያለ ቅጂ ያዙ።

ደብዳቤ ጉዳይ፦ የአዲስ አበባ ወረዳ የጻፈላችሁ ወረቀት ሰበታና ሱሉልታ አይሠራም። እዚያ ያለውን አስተዳደር ቀድማችሁ አናግሩ፤ ጥበቃዎቹንም።

---

ላይት_ማን_ጀሞ

ውክልና ስትሉ አንድ ነገር ተረሳ። ፊቱ የማይታይ ሰው አልተወከለም። የኛ አስፈሪ ፊልሞች ችግር ግማሹ ይህ ነው፤ ጨለማ ይባላል፣ ተዋናዩ ይጠፋል፣ የሚቀረው የዓይን ነጭና ጥርስ ነው። ድሮ ኮዳክ ላብራቶሪዎች ቀለም የሚያስተካክሉት በነጭ ሴት ፎቶ ነበር፣ ሸርሊ ካርድ ይሉታል። የዛሬ ካሜራ ያንን ያህል አያዳላም፣ የመብራት ልማዳችን ግን እዚያው ቀርቷል።

የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ነጭ ነው። ካሜራው ግድግዳውን አይቶ ብርሃን ይቀንሳል፣ ጠይሙ ፊት ይጠቁራል። ስለዚህ ተዋናዩን ከግድግዳው ከ1.5 እስከ 2 ሜትር አርቁት፣ መብራቱ ግድግዳውን እንዳይነካ በጥቁር ጨርቅ ከልሉት፣ ከቻላችሁ ግድግዳውን ከተዋናዩ ቆዳ የጠቆረ ጨርቅ አልብሱት። ጠይም ቆዳ የብርሃን ብዛት አይደለም የሚፈልገው፣ የብርሃን ስፋት ነው። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ነጭ ጨርቅ ከጎን፣ በትንሹ ከኋላ አስቀምጡና ብርሃኑን በሱ አሳልፉ። ጉንጭና ግንባር ላይ የሚፈጠረው ነጸብራቅ ቅርጹን ያወጣዋል። በዌቭፎርም (የምስሉን ብርሃን መጠን በሚያሳየው ግራፍ) ላይ የጠይም ፊት ብሩህ ክፍል ከ35 እስከ 50 በመቶ ይሁን፤ “ሌሊት ነው” ብላችሁ 15 ላይ ከጣላችሁት ኋላ ስታነሱት ጉድፍ ብቻ ነው የሚወጣው።

ብላክማጂክ ፖኬት 4ኬ ካሜራ ከያዛችሁ ለሌሊት አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 3200 ተጠቀሙ፤ ሁለተኛው መሠረታዊ መጠኑ እሱ ነው።

መብራታችን 50 ኸርዝ ነው። 25 ፍሬም በሰከንድ፣ ሹተር (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) 1/50። በ24 ፍሬም ካላችሁ ሹተሩ 172.8 ዲግሪ ይሁን። አለዚያ ርካሹ የደረጃ ኤልኢዲ መብራት ይርገበገባል። አምስቱም ዳይሬክተሮች አንድ ፍሬም ቁጥር ላይ ይፈርሙ! አንዱ በ30 ቀርጾ ካመጣ የሱ ክፍል ሲገጣጠም እየዘለለ ይሄዳል፣ ተመልካቹም “የዚህኛው ፊልም ደካማ ነው” ይላል። ብዙውን ጊዜ ይህ የሚደርስበት በስልክና በተውሶ ካሜራ የሚሠራው ነው።

የምሽቱ ሰማያዊ ብርሃን እዚህ 20 ደቂቃ ቢቆይ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ባለው ይመሻል። በሱ ላይ ሦስት ሾት እንጂ ሦስት ትዕይንት አታቅዱ። ኅዳርና ታኅሣሥ ሱሉልታ ላይ ብርዱ ባትሪ ይበላል፣ ከብርድ ወደ ሞቀ ክፍል የገባ ሌንስም ጭጋግ ይይዛል። ስትገቡ ካሜራውን ቦርሳ ውስጥ እንዳለ ግማሽ ሰዓት ክፍሉ ውስጥ አስቀምጡት።

---

ቀለም_ቀቢዋ

ከላይት ማን ቀጥዬ። “ሬሳ” ለመሥራት ነጭ ፋውንዴሽን ጠይም ፊት ላይ የሚለድፉ ሰዎች እባካችሁ ተዉ። ውጤቱ ሬሳ አይደለም፣ አመድ ላይ የወደቀ ሰው ነው። የጠይም ሰው ፊት ሲሞት አይነጣም፣ ሙቀቱን ያጣል። የተዋናዩን የራሱን ቀለም ፋውንዴሽን ውሰዱና ጥቂት የወይራ አረንጓዴ ቀላቅሉበት፣ ከዓይን ስርና ከከንፈር ዙሪያ ወይን ጠጅ፣ በስፖንጅ፣ በጣም ስስ አድርጋችሁ። ከንፈሩን ከፊቱ ቀለም ጋር አመሳስሉት፤ ሥራውን ግማሽ የሚሠራው እሱ ነው። ከዚያ መብራቱ ስር እዩት፣ መስታወት ላይ አይደለም።

ደም፦ 2 ብርጭቆ ስኳር በ1 ብርጭቆ ውሃ፣ ከ5 እስከ 7 ደቂቃ አፍሉት፣ ሲበርድ 2 የሻይ ማንኪያ ቀይ የምግብ ቀለም። የውጭ አገር ቪዲዮዎች ግማሽ ማንኪያ ካካዎ ጨምሩ ይላሉ፤ ያ ለነጭ ቆዳ ነው። ጠይም ቆዳ ላይ በደብዛዛ መብራት ቡናማ ደም አይታይም። ካካዎውን ሩብ ማንኪያ አድርጉት፣ ወይም ተዉት። ልብስ ላይ ለሚፈስ ደም ጥቂት የዕቃ ሳሙና ጣል ካደረጋችሁበት ሲታጠብ ይለቃል፤ አፍ ውስጥ ለሚገባው ግን በፍጹም። ቀይ ስር አትጠቀሙ፣ ቶሎ ይቡናል። ደም የሚነካው ነጠላ ካለ ሦስት አንድ ዓይነት ግዙ። ሁለት ሙከራ ብቻ ነው ያላችሁ፣ ሦስተኛው መጠባበቂያ።

---

እጅ_ተናጋሪ

የጥበቃውን ታሪክ በሚመለከት። መስማት የተሳነው ሰው በአስፈሪ ፊልም ሁለት ቦታ ብቻ ይሰጠዋል፦ ከኋላው የሚመጣውን ባለመስማቱ የሚሞት፣ ወይም ዝም ብሎ የሚያስፈራ። ከማየት ጋር የተያያዘ ጥሩ ምሳሌ የጃፓኑ “ክዋይዳን” ነው፣ እ.ኤ.አ. 1964። ከአራቱ ታሪኮች አንዱ ስለ ሆይቺ ነው፤ ዓይነ ስውር ሙዚቀኛ ነው፣ ሙታን የሚጠሩት ጥበቡን ፈልገው ነው። ሰውነቱ ላይ ጸሎት ሲጻፍ ጆሮው ይረሳል፣ የሚቆረጠውም ጆሮው ይሆናል። ፍርሃቱ የተሠራው በሱ ዓለም ሕግ ነው። የተጫወተው ዓይናማ ተዋናይ ነው፣ ያንን ከ1964 አንጠብቅም፤ ዛሬ ግን መስማት የተሳናቸው ተዋንያን አሉ፣ ፈልጉ።

ጥበቃው በምልክት ቋንቋ ሲናገር ካሜራው ከወገብ እስከ ከራስ በላይ ያለውን ይያዝ። ፊት ላይ ብቻ ከተጠጋ ንግግሩን ቆረጣችሁት ማለት ነው። ኤዲተሩ ምልክት ሳያልቅ አይቁረጥ፤ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ኤዲቲንጉ ላይ ይቀመጥ። ላይት_ማን፣ እጅ በጨለማ መታየት አለበት፣ ለጥቁር ዩኒፎርም ጥቁር ዳራ አትስጡት። የባትሪ መብራት አንድ እጁን ስለሚይዝበት በአንድ እጅ መናገር ይገደዳል፤ ይህን ለድራማው ተጠቀሙበት፦ ማየት ወይም መናገር፣ ሁለቱን ባንድ ጊዜ አይችልም። አስተርጓሚ ብቻ በቂ አይደለም፤ ስክሪፕቱን ገና በወረቀት ሳለ መስማት የተሳነው ሰው ያንብበው፣ ይከፈለው።

---

ደም_ይፍሰስ

ማየት ወይም መናገር! ይሄን ለብቻው ፊልም አድርጉት።

---

አባዶ_ስክሪፕት

የዛሩ ታሪክ ላይ ማንም አልተናገረም፣ በጣም የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ስክሪፕቱ የአሜሪካ ሰይጣን ማስወጣት ቅርጽ ከተከተለ ተሳስቷል፦ ይገባል፣ ያሰቃያል፣ ቄሱ ያስወጡታል። ያ የጸበል ቤት ድራማ ነው። ዛር በባሕሉ የሚሠራው በድርድር ነው። ሽቶ ይጠይቃል፣ የተወሰነ ቀለም ያለው ቀሚስ ይጠይቃል፣ ቡና፣ ዕጣን፣ ከበሮ፤ ይሰጠዋል፣ ይረጋል፣ ዓመት ጠብቆ ይመለሳል። አይወጣም፣ ይስማማል።

አሁን የተያዘችው የቤት ሠራተኛ መሆኗን አስቡ። ደመወዟን ያልከፈለች እመቤት ፊት ዛሩ ቀሚስ ይጠይቃል። ሽቶ ይጠይቃል። እመቤቷም ፈርታ ትገዛለች። ተመልካቹ እስከ መጨረሻው ዛሩ እውነት ይሁን ልጅቷ ትሁን የምትናገረው አያውቅም። ከዚያ ዛሩ ማንም ሊገዛው የማይችል ነገር ይጠይቅ። ደም ሳያስፈልግ 16 ደቂቃ ይሞላል።

ጸበል ቦታ ደግሞ በሽተኞችን አትቅረጹ፣ ከሩቅም በድብቅም። እንጦጦ ላይ ካሜራ ደብቆ የሰው ስቃይ መውሰድ ፊልም ሥራ አይደለም።

---

ሰበታ_ድምጽ

አንድ የሚጋጭ ነገር አየሁ። የቡዳው ታሪክ ውስጥ የሚታመም ልጅ አለ፣ ማቀፊያው ላይ ቡና የምታመላልስ ልጅ አለች። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለ አይቀጠርም፤ ከ15 እስከ 18 ያለው ወጣት ደግሞ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ወይም ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አይሠራም። እኔ ጸጥ ያለ ነው ያልኩት ሰዓት በሙሉ በዚያ ውስጥ ወደቀ።

---

ላይት_ማን_ጀሞ

ቡና አመላላሿን 20 ዓመት የሞላት፣ ልጅ የምትመስል ተዋናይት ትጫወተው። የታመመውን ልጅ ጨርሶ አታሳዩት፤ በአባዶ ቅንብር ከግድግዳ ማዶ ስለሆነ ድምጹን ብቻ ነው የምንፈልገው፣ እሱንም አዋቂ የድምጽ ተዋናይ ይሠራዋል።

በቀን ሌሊትን መቅረጽ ግድ ከሆነ መስኮቱን በድርብ ጥቁር ላስቲክ ከውጭ ሸፍኑ፣ ጠርዙን በፕላስተር። የመርፌ ቀዳዳ እንኳ ግድግዳው ላይ ነጠብጣብ ያወጣል። መብራቱን 4300 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ)፣ ካሜራውን 3200 ላይ ብታደርጉ ሰማያዊ ሌሊት ታገኛላችሁ። ላስቲክ የተሸፈነ ክፍል ይታፈናል፤ በየ40 ደቂቃው በር ክፈቱ። ዕጣኑን እውነተኛ አታጢሱ፣ ክፍሉ ጠቦ ሰው ያስላል፤ የጭስ ማሽን ተከራዩ።

---

ኮዬ_ብሎክ

ብዙ ነገር ተቀየረ። ማቀፊያው ድንኳንና ጓዳ ሆኗል፣ ስለዚህ 2 ሌሊት አይበቃውም፣ 4 አደርገዋለሁ። ከጅቡ ታሪክ ሁለቱን ሌሊት ቀነስኩ፣ አብዛኛው የቀን ትዕይንት ሊሆን ስለሚችል። ድምሩ 22 እንዳለ ነው። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ቅደም ተከተሉ? ለሸክላ ሠሪዎቹና ለሽማግሌው አማካሪዎች ምን ዓይነት ስም ክሬዲት ላይ ይገባል?

---

ጋሽ_ፕሮጀክተር

በአንቶሎጂ የተለመደው በደል ‘የተለየ’ የሚባለውን ክፍል አራተኛ ላይ መቅበር ነው፤ ሰው የሚደክምበት ቦታ። የቡዳውን መጀመሪያ አድርጉት፣ ጸጥ ያለ ስለሆነ ጆሮ ይከፍታል። ሁለተኛ ጥበቃው። ሦስተኛ ጅቡ፣ ሰው ይሳቅ። አራተኛ ዛሩ፣ ከሳቁ በኋላ ውጥረቱን እንዲመልስ። ገበሬው መጨረሻ፣ ምክንያቱም ድንኳኑ የተተከለበት መሬት የሱ ነበር፤ ማቀፊያውና ታሪኩ እዚያ ይገናኛሉ። አራተኛውን ከ16 ወደ 14 ደቂቃ ቀንሱት፣ ሁለቱን ለገበሬው ስጡ።

---

ሰበታ_ድምጽ

ከማስረከባችሁ በፊት አምስቱም ክፍሎች ድምጽ በአንድ ሰው ይሚክሰስ፣ ካልሆነም ሁሉም −23 ሉፍስ (የአማካይ ድምጽ ከፍታ መለኪያ) ላይ ይስተካከል። አንዱ ክፍል ጮሆ ሌላው ሲያንሾካሹክ ተመልካቹ ሪሞት ያነሳል፣ ያነሳበት ክፍል ደግሞ ይረሳል።

---

አባዶ_ስክሪፕት

ክሬዲቱ ላይ “ልዩ ምስጋና” አትበሉ፣ እሱ ሻይ ያቀረበ ሰው ቦታ ነው። “የታሪክ አማካሪ” በሉ፣ ከየክፍሉ ጸሐፊ ስም ቀጥሎ፣ በተመሳሳይ የፊደል መጠን። ስማቸው እንዲወጣ የማይፈልጉ ይኖራሉ፣ በተለይ ሸክላ ሠሪዎቹ። ያንን ከቀረጻ በፊት ጠይቃችሁ በጽሑፍ ያዙ፣ ክፍያውም በዚያው ቀን ይሰጥ። ኤዲት የሆነውን ክፍል ደግሞ ከመዘጋቱ በፊት አሳዩአቸው። “ይሄን አውጡ” የሚሉት ነገር ካለ ኤዲተሩ ጋ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይቀመጥለት፤ ሚክስ ካለቀ በኋላ ማውጣት አትችሉም።

---

ኮዬ_ብሎክ

አንድ ሳምንት በሰሌዳው ላይ ገባ። የቡዳውና የዛሩ ስክሪፕት ሁለተኛ ረቂቅ ሲወጣ እዚሁ እለጥፋለሁ፣ እርሳሶቻችሁን አዘጋጁ።